ቀጠሮም መድኃኒት ነው
(በራዲዮ የተነገረ የጤና ንግግር)



በየመሥሪያ ቤታችን ከሚነገሩት የሕመም ስሞች መካከል «ሳይነስ» የሚለውን ያህል የተለመደ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ባልደረባ ግንባሩን ይዞ «ሳይነሴ ተነሣብኝ» ይላል፤ ሌላው አፍንጫው ሲደፈን፥ ሦስተኛው ፊቱ ሲከብደው፥ አራተኛው የላይኛው መንጋጋው ሲጠዘጥዘው ያንኑ ቃል ይደግማል። ደጋ አገር የተመደበ ሠራተኛማ፥ ይልቁንም ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር ከተማ የሚኖር፥ ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊቱን በገረፈው ቊጥር የሚያማርረው ይህንኑ ሳይነሱን ነው። አብዛኛውን ጊዜም አልተሳሳተም። ጉንፋንና አለርጂ የሳይነስን መተንፈሻ ይዘጋሉ፤ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ራስ ይከብዳል፤ ሰንበት ብሎም ይለቃል።

ነገር ግን የማይለቅም አለ። ዓመት ሙሉ እንክብል ተውጦበት፥ በእንፋሎት ታጥኖበት፥ ጠብታ ተጨምሮበት ንቅንቅ የማይል የፊት ክብደት ሲያጋጥም፥ ይልቁንም አንደኛው ጒንጭ ወይም የግንባሩ አንደኛው ወገን ከሌላው እየገነነ ሲሄድ፥ ጥፋቱ በአፍንጫ ፈሳሽ ሳይሆን በራሱ በአጥንቱ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምነግራችሁ የራስ ቅልንና የፊትን አጥንት፥ በውስጡም ያሉትን የሳይነስ ክፍሎች ስለሚይዝ አንድ ሕመም ነው። ሐኪሞች ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ይሉታል። ሕመሙ በየቤቱ የሚገኝ አይደለም። ይሁን እንጂ ዋናው ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በቢላዋም በእንክብልም ሳይሆን በቀጠሮና በመዝገብ የሚካሄድ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የጸሓፊም፥ የመምህርም፥ የወረዳ ሹምም ነው። ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች መናገር ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

አስቀድመን ሳይነስ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የሰው ራስ ቅል 22 አጥንቶች ተገጣጥመው የሠሩት ነው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ድፍን አይደሉም፤ በውስጣቸው አየር የሚመላለስባቸው ባዶ ክፍሎች አሉአቸው። ክፍሎቹም አራት ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ በግንባር፥ አንዱ በጒንጭ፥ አንዱ በሁለቱ ዐይኖች መካከል፥ አንዱም ከአፍንጫ በስተኋላ በራስ ቅሉ ወለል ውስጥ ይገኛል። ሳይነስ የምንለው እነዚህን ክፍሎች ነው። በመጨረሻው ክፍል አጠገብ ዐይን ያየውን ወደ አንጐል የሚያደርሱት ሁለት ነርቮች በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋሉ። ይህን ቦይ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አጥንት እንደ ድንጋይ ሳይለወጥ የሚኖር ነገር አይደለም። አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ እየተሠራ ዕድሜ ልክ ይታደሳል። በፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ጊዜ ግን አጥንት ሠሪዎቹ ሴሎች ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ በጠንካራው አጥንት ቦታም ክር የመሰለ ሥጋ ካልበሰለ አጥንት ጋር ተቀላቅሎ ይሞላል። የተያዘው ክፍል ይወፍራል፤ ነገር ግን አይጠነክርም። ጭቃው ሳይቦካ፥ ጭዱም ሳይመጠን የተመረገ ግድግዳ ቢወፍርም ቤት አያጸናም፤ ይህም እንዲሁ ነው። በሳይነስ ዙሪያ ሲሆን ደግሞ ባዶው ክፍል በዚሁ ነገር እየተሞላ ይጠባል፤ አየሩ መሄጃ ያጣል፤ ፈሳሹም ይታገዳል። ባለሕመሙ «ሳይነስ ነው» ማለቱ እንግዲህ ፈጽሞ ስሕተት አይደለም፤ በሩን የዘጋው ጉንፋን መስሎት እንጂ፥ የዘጋውስ ግድግዳው ራሱ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ይህ ለብዙ ዘመን አልታወቀም ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ለብቻው ካላመለከትሁ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1937 አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይትና ባልደረቦቹ የአጥንት ጒዳት፥ የቆዳ ላይ ቡናማ ምልክትና ያለ ዕድሜ መጎርመስ በአንድነት የሚታዩባቸውን ሕሙማን ገለጡ፤ በ1938 ደግሞ ሉዊስ ሊክተንስታይን ለአጥንቱ ሕመም ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። ምክንያቱ የታወቀው ግን በ1991 ነው። ጂ.ኤን.ኤ.ኤስ. በሚባለው ጂን ላይ የደረሰች አንዲት ፊደል የምታህል ስሕተት ሆና ተገኘች።

ደቡብ ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላል ምሳሌ ይረዳዋል። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ መሆንዋ በአገራችን የታወቀ ነው። እንግዲህ አንድ ድጓ በብዙ ደቀ መዛሙርት እጅ ይገለበጣል እንበል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ንጹሕ ነው። ከገልባጮቹ አንዱ ግን በመካከል አንዲት ፊደል ይስታል። ከእርሱ ቅጂ የገለበጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ፤ ከሌሎቹ የገለበጡት ግን ንጹሑን ይዘዋል። በማኅፀንም የሚሆነው ይኸው ነው። ሰው ከአንዲት ሴል ተነሥቶ እየተባዛ ሲሠራ፥ ስሕተቱ የሚደርሰው ፅንሱ ከተጀመረ በኋላ ከብዙዎቹ ሴሎች በአንዲቱ ላይ ነው። ከእርስዋ የተባዙት የአጥንት ሴሎች ይታመማሉ፤ የቀሩት ጤነኞች ናቸው። ስሕተቱ ቀደም ብሎ ከደረሰ ብዙ አጥንቶችን፥ ቆዳንና ዕጢዎችን ጭምር ይነካል፤ ዘግይቶ ከደረሰ በአንድ አጥንት ብቻ ይወሰናል። ከ100 ሕሙማን 70 በሚያህሉት ላይ የሚታየው በአንድ አጥንት ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ንጹሕ ስለ ሆነ ሕመሙ ከአባት ወይም ከእናት የመጣ አይደለም፤ ሕመምተኛውም ለልጆቹ አያወርሰውም። ተላላፊም አይደለም። «በዘራቸው አለ» ተብሎ ጋብቻ የሚከለከልበት፥ «እናቲቱ ክፉ ነገር አይታ ነው» ተብሎ ሴት የምትነቀፍበት ምክንያት የለም። የዚህ ሕመም ዕድሜም ከሐሜታችን ሁሉ ይረዝማል። በክሮኤሽያ አገር ክራፒና በሚባል ስፍራ የተገኘ ከ120,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የኔአንደርታል ሰው የጐድን አጥንት ይህንኑ ሕመም ይዞ እንደ ነበረ በ2013 ተመራማሪዎች አስታውቀዋል።

አሁን ወደ ደጋው አገር እንመለስ። በፋርጣ፥ በእስቴ፥ በስማዳ ወይም በላይ ጋይንት ገጠር የሚወለድ ሕፃን በዚህ ሕመም ቢያዝ፥ በፊትና በራስ ቅል ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሠረቱን ይጥላል። እድገቱ ግን ቀስ ያለ ነው። ወላጆች ልጃቸውን በየዕለቱ ስለሚያዩት ለውጡ አይታወቃቸውም፤ የሚያስታውቀው ከሩቅ የመጣ ዘመድ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ ይበዛል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፤ አንዱ ነቀርሳ ነው ብሎ ተስፋ ያስቈርጣል፤ አንዱ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ልጆቹን ያርቃል። ቤተ ሰቡም ጸበል ይወስደዋል። ጸበል የሚወስድን ሰው ማንም አይነቅፍም፤ ጸበሉና ሐኪም ቤቱም አንዱ ሌላውን አይከለክልም። መነቀፍ ያለበት የጋለ ብረት ነው። እባጩን መተኰስ፥ መብጣት ወይም የሚያቃጥል ቅጠል ማሰር፥ ጥፋት የሌለበትን ቆዳ ያቈስላል፤ ከሥሩ ያለውን አጥንት ግን አይነካውም። ቊስሉ ሲመረቅዝ ደግሞ በአንድ ሕመም ላይ ሁለተኛ ይጨመራል።

ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው እንዴት ነው? ሮንትገን በ1895 ያገኘው ራጅ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። የተያዘው አጥንት በራጅ ሲታይ እንደ ተፈጨ መስተዋት ጉም የለበሰ ይመስላል። የራስ ቅል አጥንቶች ግን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ስለ ሆኑ፥ ለጭንቅላትና ለሳይነስ የሚበልጠው ሲቲ ስካን ነው። በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተነሣው በ1971 በለንደን ነበር፤ ፈልሳፊዎቹ ሃውንስፊልድና ኮርማክም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ሲቲ ስካን ራስን እንደ ዳቦ ቈርሶ እያንዳንዱን ቊራሽ ለብቻው ያሳያል፤ የትኛው ሳይነስ እንደ ተሞላ፥ የማያው ነርቭ ቦይ ምን ያህል እንደ ጠበበ በሚሊሜትር ይለካበታል። ከመንጋጋ ዕጢዎችና ከሌሎች እባጮች ለመለየት ሲያስፈልግም ከአጥንቱ ጥቂት ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ጥሩ ሐኪም በዚህ ብቻ አይወሰንም፤ የልጁን ቆዳ ገልጦ ቡናማ ምልክት ይፈልጋል፤ ሴት ልጅ ብትሆን ያለ ዕድሜዋ የወር አበባ አይታ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ የቁመቱን እድገት ይመዘግባል። ሕመሙ በብዙ አጥንት ላይ ሲሆን ዕጢዎችን ያናውጣልና።

ሕመሙ ታወቀ እንበል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ «ይቈረጥና ይገላገል» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ ሕመሙ ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ነቀርሳ የሚለወጠውም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፥ ልጁ ገና በሚያድግበት ዘመን አጥንቱ ቢላግ መልሶ ሊገንን ይችላል። ጉርምስና ሲያልፍ ግን የብዙዎቹ እድገት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ፊትን ለማስተካከል ብቻ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፥ አስጨናቂ ነገር እስከሌለ ድረስ፥ ሰውነት አድጎ እስኪጨርስ መቈየቱ ይመረጣል። ያን ጊዜ ሐኪሙ እንደ አናጢ የገነነውን አጥንት ይልጋል፤ የተዘጋ ሳይነስ ቢኖር በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ይከፍታል። ቢስፎስፎኔት የሚባሉት መድኃኒቶች የአጥንቱን ጥዝጣዜ ያስታግሣሉ፤ ሕመሙን ግን ከሥሩ አይነቅሉትም። በጨረር ማቃጠል ደግሞ ለዚህ ሕመም አይገባም፤ ደኅናውን ሕመም ወደ ነቀርሳ የመለወጥ አደጋውን ያበዛልና።

ስለ ማያው ነርቭ የነገርኋችሁን አሁን እናንሣው። ቦዩ ጠብቦ ሲታይ ሐኪሞች ቀድሞ ይደነግጡ ነበር፤ ልጁ ሳይታወር አስቀድሞ አጥንቱን ማስፋት ይገባል የሚሉም ነበሩ። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ቦያቸው የጠበበባቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ደኅና እንደሚያዩ አሳየ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ዐይንን ሊያጠፋ ስለሚችል፥ የሚያየውን ዐይን ለፍርሃት ብሎ መንካት አይመከርም። በ2019 የወጣው የብዙ አገር ሊቃውንት መመሪያም በዚሁ ጸና። በሌላ በኩል ግን አንዳንዱ ዐይን በእርግጥ ይጠፋል፤ ይልቁንም በአጥንቱ ውስጥ በድንገት ደም ወይም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሲፈጠር። የትኛው ዐይን እንደሚድንና የትኛው እንደሚጠፋ የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በየጊዜው በመለካትና የዛሬውን ልክ ከአምናው ጋር በማስተያየት።

ክቡራን አድማጮች፤ የንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነው። በዚህ ሕመም ሐኪሙ «ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ሲል ሕክምናውን መጀመሩ ነው እንጂ ሕመምተኛውን መሸኘቱ አይደለም። ቀጠሮው ራሱ መድኃኒት ነው። ነገር ግን «ተመለስ» የሚለው ቃል በአገራችን ሌላ ታሪክ አለው።

ከጉና ግርጌ የመጣ አንድ ባላገር ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጁን ይዞ ተነሣ እንበል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ደረሰ። ከዚያም ከፍ ያለ ምርመራ ያስፈልጋታል ተብሎ ማስተላለፊያ ወረቀት ተሰጠው። ወደ ወረታ ወርዶ፥ መንገዱ በሚከፈልበት ወደ ቀኝ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፥ ወደ ግራ ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ይሄዳል። በግ ሸጦ፥ ከዘመድ ተበድሮ፥ ወረፋ ጠብቆ በመጨረሻ ከሐኪሙ ፊት ቀረበ። ሐኪሙም መርምሮ፥ ፎቶግራፉን አይቶ «ልጅቱ ደኅና ታያለች፤ አሁን አትነካም፤ ከስድስት ወር በኋላ ይዘሃት ተመለስ» አለው። እውነተኛና ትክክለኛ ምክር ነው።

ነገር ግን ይህ ሰው «ተመለስ» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት የት የት ሰምቶታል? ለመሬት ደብተር ሲሄድ «ነገ ተመለስ» ተብሎአል። ለግብር ደረሰኝ «ኃላፊው የሉም፤ ሰኞ ተመለስ» ተብሎአል። ለፍርድ ቤት ግልባጭ፥ ለማዳበሪያ፥ ለመታወቂያ ወረቀት እንዲሁ ተብሎአል። በእርሱ ጆሮ «ተመለስ» ማለት «አንሰማህም፤ ሂድልን» ማለት ነው። ስለዚህ የሐኪሙንም ቃል እንደዚያው ይተረጒመዋል። «ተስፋ የላትም ቢሉኝ ነው» ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ቀጠሮው ያልፋል፤ የተረፈውንም ገንዘብ ለተኳሹ ይሰጣል። ልጅቱ ዳግመኛ ሐኪም ቤት የምትታየው በ15 ዓመትዋ፥ አንዱ ዐይንዋ ከደበዘዘ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም የመጀመሪያው ፎቶግራፍ አይገኝም፤ መቼ እንደ ጀመረ፥ በምን ፍጥነት እንደ ገነነ የሚያስረዳ ነገር የለም። ሐኪሙ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የጠፋው ጊዜ ግን አይመለስም።

ይህን ዐይን ያጠፋው አጥንቱ ብቻ ነውን? ያለ ቀን፥ ያለ ምክንያት፥ ያለ ወረቀት «ነገ ተመለስ» እያልን ቃሉን ያረከስን እኛ ደግሞ ድርሻ የለንምን? እስኪ እያንዳንዳችን ከጠረጴዛችን ፊት ቆሞ የተመለሰውን ሰው እናስብ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚቻለው ነገር ጥቂትና ቀላል ነው።

በሐኪም ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠሩ ሁሉ፥ የሕመምተኛውን ስም እስከ አያቱ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ። የአገራችን ሰው በአንዱ ካርድ በመጠሪያ ስሙ፥ በሌላው በክርስትና ስሙ ይመዘገባል፤ ዕድሜውም በየካርዱ ይለያያል። በዓመታት ማስተያየት ለሚታከም ሕመም ይህ ትንሽ ስሕተት ካርዱን እንደ ማቃጠል ነው። የቀጠሮውንም ቀን ባላገሩ በሚያውቀው በዓል አስታውሱት፤ «በቡሄ ማግስት» ቢሉት ከቊጥሩ ይበልጥ አይረሳውም። ለምን እንደሚመለስም በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሩት፤ «ዐይንዋን ከዛሬው ጋር ልናስተያይ ነው» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቤተ ሰቡ ደግሞ ፎቶግራፉንና የምርመራውን ውጤት ግልባጭ በእጁ ይያዝ። ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰበት ጊዜ፥ እንደ እኛ አቈጣጠር በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፥ የከተማው ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ በገበሬው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ወረቀት ከመንግሥት ቁም ሣጥን ይልቅ ሊድን ይችላል። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ያለፈበትም ሰው «አልፎብኛል» ብሎ አይቅር፤ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ግልባጩን ይዞ ይቅረብ።

በወረዳና በቀበሌ የምትሠሩ፥ የማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድንን ነገር ታውቃላችሁ። ይህ መድን በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደርዋ ፎገራ ነበረች። መድኑ የሚሠራው ግን በማስተላለፊያ ወረቀት መንገድ ለሄደ ሰው ነው። የአባልነቱ ደብተር በጊዜው ካልታደሰ ወይም ወረቀቱ ማኅተም ጐድሎት ከቀረ፥ ባላገሩ ከወረታ ወዲያ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። የእናንተ አንዲት ማኅተም እንግዲህ የአንድ በግ፥ አንዳንድ ጊዜም የአንድ በሬ ዋጋ አላት።

መምህራን ሆይ፥ የፊትዋ አንዱ ወገን የገነነ ልጅ ወደ ክፍላችሁ ስትመጣ ከኋላ ወንበር አትሸሽጉአት። ሰሌዳውን ለማየት አንገትዋን ስታዘነብል ወይም ዐይንዋን ስትጨፍን ያን ቀን ለወላጆችዋ ንገሩ፤ የማየት ኃይልዋን ከእናንተ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሠራተኛ የምትቀጥሩም ሹማምንት፥ የሰው ፊት የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም። ሕመሙ አእምሮን አያደክምም፤ እጅንም ከብዕር አያግድም። ፊቱን አይቶ «ለባለጉዳይ መቀበያ አይሆንም» የሚል ሹም ሕመሙ ያላደረሰውን ጒዳት ራሱ ያደርሳል።

ለመጠበቅ የማይገባበትንም ጊዜ ለይቼ ልናገር። ዐይን በድንገት ቢደበዝዝ፥ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታይ፥ ቀለም ቢፈዝ፥ ዐይን ወደ ፊት ቢገፋ፥ ጆሮ መስማት ቢቀንስ፥ ፊት ቢደነዝዝ፥ ቀስ ይል የነበረው እባጭ በሳምንታት ውስጥ እየጠዘጠዘ ቢያድግ፥ በቀጠሮው ቀን ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ነገሩ ከበረታ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ እንደ ጥቁር አንበሳ፥ እንደ ቅዱስ ጳውሎስና እንደ የካቲት 12 ወዳሉት ሆስፒታሎች። የአንጐልና የራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ከተጀመረ ወዲህ፥ ቀድሞ ባሕር ማዶ ካልሄዱ የማይገኘው ጥበብ በአገር ልጆች እጅ ሆኖአል። ጥበቡ ግን የሚጠቅመው በጊዜው ለደረሰ፥ የቀድሞ ፎቶግራፉንም ይዞ ለቀረበ ሰው ነው።

በከተማ ለምትኖሩና «ሳይነስ አለብኝ» ለምትሉም አንድ ቃል ልጨምር። ከሁሉ በፊት አትደንግጡ፤ አብዛኛው ሳይነስ ሳይነስ ብቻ ነው። ነገር ግን ከሦስት ወር በላይ የቈየ፥ በአንድ ወገን ብቻ የጸና፥ ወይም የፊታችሁን ቅርጽ የለወጠ ከሆነ፥ ከመድኃኒት ቤት እንክብል መግዛታችሁን ትታችሁ የአፍንጫና የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። የአምስት ዓመት በፊት ፎቶግራፋችሁንም ከመታወቂያችሁ ወይም ከሥራ ማኅደራችሁ አውጥታችሁ ውሰዱ፤ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ነገ ጧት ቢሮአችሁን ስትከፍቱ ከደጃፉ የሚጠብቃችሁ ሰው አይታጣም። ጉዳዩን ልትፈጽሙለት ካልቻላችሁ «ተመለስ» ከማለት በፊት ቀኑን ጻፉለት፤ ምክንያቱን ንገሩት፤ በዚያም ቀን ተገኙለት። እንዲህ የተደረገለት ሰው አንድ ቀን ሐኪም «ልጅህን ይዘህ ተመለስ» ቢለው ያምናል፤ በቀጠሮውም ቀን ከነልጁ ይገኛል።

የዛሬውን ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ። ጤና ይስጥልኝ።